ሦስት ርካሽ ወይስ አንድ ደህና መቀስ?

ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የፍቅር ነው። "ትታኝ ሄደች"፣ "ቤተሰቦቹ አልወደዱኝም"፣ "ብደውልለት አያነሳም" ዓይነት። የዚህ ሳምንቱ ግን ስለ መቀስ ነው። አዎ፣ ስለ መቀስ! የልብስ ሰፊ መቀስ እንዳይመስላችሁ። የጽጌረዳ፣ የኮክና የጌሾ ቅርንጫፍ የሚቆረጥበት፣ በአንድ እጅ የሚያዘው የመግረዣ መቀስ ነው። "እሱ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?" የሚል አንባቢ ቢኖር ትንሽ ይታገሠን። በዚህ መቀስ የተነሳ ሦስት የልብ ጓደኛሞች ሊለያዩ አንድ ሐሙስ ነው የቀራቸው።

ደብዳቤውን የላከልን፣ ስሙ እንዳይጠቀስ የጠየቀ የቁይ ልጅ ነው። ቁይን ለማታውቁ፣ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ ናት። ደጋማ አገር ነው፤ ጤፍና ስንዴ የሚታፈስበት፣ በየጓሮው ጌሾ የማይታጣበት። ልጁ እንደሚለው እሱና ሁለት ጓደኞቹ ትምህርት ጨርሰው ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ ከረሙ። በኋላ "ለምን የሰው ግቢ እየዞርን አትክልት አንከረክምም?" ብለው ተነሱ። በመጀመሪያ የሠፈር አጥር ከረከሙ። ቀጥሎ የልጁ እናት ጓሮ ገቡ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ግቢ ተገኘላቸው። ሃያ የሚሆን የጽጌረዳ እግር፣ አንድ ትልቅ ኮክ፣ ዙሪያውን የጽድ አጥር። ገንዘብ ያዡ ጓደኛ ገበያ ወጥቶ ሦስት መቀስ ገዝቶ መጣ። በአንድ ደህና መቀስ ዋጋ ሦስት! "አንተ እኮ ገበያ ታውቅበታለህ" ተብሎ ተመሰገነ።

ምስጋናው ሁለት ሳምንት አልቆየም። የተቆረጡት የጽጌረዳ ጫፎች እየጠቆሩ ወደ ታች መድረቅ ያዙ። የአንዱ መቀስ ሞላ ተስፈንጥሮ ሣር ውስጥ ገብቶ ቀረ። የሌላው መጋጠሚያ ላላና ስለቱ ወረቀት እንኳ አልቆርጥ አለ። የግቢው ባለቤት ግማሽ ክፍያ ሰጥተው "ሁለተኛ እንዳላያችሁ!" አሏቸው። አሁን ገንዘብ ያዡ "አያያዝ ስለማታውቁ ነው" ይላል። ደብዳቤ ጸሐፊው "አንተ ስለሰሰትክ ነው" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "የቀረችውን ብር እንካፈልና በየፊናችን እንሂድ" ብሎ አርፏል። የቀረችው ብር አንድ ደህና መቀስ፣ ወይም እንደገና ሦስት ርካሽ መቀስ ትገዛለች። ከዚያ አታልፍም። "የቱን እንግዛ? ጥፋቱስ የማን ነው?" ሲል ይጠይቃል። ደብዳቤው ጥግ ላይ ደግሞ "እናቴም ከደብረ ማርቆሱ በፊት የእኔን ጌሾ ነው ያደረቃችሁት ብላ ተቀይማናለች" የሚል ጨምሯል።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የመቀስ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቢላዋና መክተፊያ

የጥፋቱን ምንጭ ያገኘሁት አንተ እንደ ቀላል በጣልካት አንዲት ቃል ውስጥ ነው። "ስለቱ ከታች ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያርፋል" ብለሃል። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው!

በእጅ የሚያዙ የመግረዣ መቀሶች ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው እንደ ተራ መቀስ ሁለት አፍ ያለው ነው። የላይኛው ስለታም ሆኖ ጎበጥ ያለ፣ የታችኛው ደግሞ እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ ሆኖ ቅርንጫፉን ደግፎ ይይዛል። ስታጨብጠው ስለቱ ከታችኛው ጎን ጎን ተጠግቶ ያልፋል። ካርቶኑ ላይ "ባይፓስ" ተብሎ የሚጻፈው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው አንድ ስለት ብቻ ያለው ሲሆን፣ ስለቱ ከታች በተቀመጠ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ያርፋል። እሱን "አንቪል" ይሉታል። አሠራሩ ቢላዋና መክተፊያ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ልዩነት አለው? ሽንኩርት መክተፊያ ላይ ስትከትፍ ሽንኩርቱ ቢጨፈለቅም ያው ወጥ ውስጥ ይገባል። የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ግን ግማሹ ተቆርጦ ሲወድቅ ግማሹ እዚያው ተክሉ ላይ ይቀራል፤ መኖርም አለበት። መክተፊያ ያለው መቀስ እርጥቡን ግንድ ከታች በብረት፣ ከላይ በስለት ሲጫነው ጫፉ ይጨፈለቃል፤ ልጣጩም ይላላል። ስለቱ የደነዘ ከሆነማ አይነገርም። የሚተላለፈው ግን ስለቱ እስከሠራ ድረስ ጥርት አድርጎ ቆርጦ ይለቃል።

ተክል እንደ ሰው ቁስሉን በአዲስ ሥጋ አይሞላም። የቆሰለውን ክፍል ዙሪያውን አጥሮ ከደህናው ይለየዋል እንጂ። ይህንን አሌክስ ሺጎ የተባሉ አሜሪካዊ የዛፍ በሽታ ተመራማሪ በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ብዙ ሺህ ዛፎችን እየሰነጠቁ ውስጣቸውን በማየት አሳይተዋል። ጥርት ብሎ የተቆረጠ ቁስል ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይታጠራል። የተጨፈለቀው ግን የሞተ ሥጋ ተሸክሞ ይቀራል፤ እሱም ለሻጋታ የተከፈተ በር ነው። የጽጌረዳዎቻችሁ ጫፍ እየጠቆረ ወደ ታች የወረደው በዚህ ነው። የእናትህም ጌሾ እንደዚሁ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ገንዘብ ያዡ ዋጋውን አየ፤ ዓይነቱን አላየም። እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ ገበያ አብራችሁት አልወጣችሁም፤ ሲመለስም "ጎበዝ" ብላችሁ ተቀበላችሁት። ያን ጊዜ ምስጋናው የጋራ ከነበረ ዛሬ ወቀሳውም የጋራ ነው። ደግሞ ያልተሰበረውን ሦስተኛውን መቀስ እንዳትጥሉት! መክተፊያ ያለው መቀስ ለደረቀ እንጨት ጥሩ ነው። ደረቅ ቅርንጫፍ የሚጎዳ ሥጋ የለውም፤ ጠንካራ ስለሆነ ደግሞ ከታች የሚደግፈው ብረት ያግዛል። የደረቀውን ሁሉ በእሱ፣ እርጥቡን በሚተላለፈው። ገንዘብ ያዡን "ያንተም መቀስ ሥራ አገኘ" ብትሉት የግማሹ ጸብ መድኃኒት ይሆናል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይታያል?

የእኔ ምክር አጭር ነው። አንድ ደህና፣ ስለቱ የሚተላለፍ መቀስ ግዙ። ግን "ደህና" ማለት ውድ ማለት አይደለም፤ የሚያብረቀርቅም አይደለም። ሻጩ "ኦርጅናል ነው፣ እመኑኝ" ሲል ፈገግ ብላችሁ እነዚህን ነገሮች በገዛ ዓይናችሁ እዩ።

አንደኛ፣ መጋጠሚያውን እዩ። ሁለቱ አፎች የተያያዙት በብሎንና በዳዶ ነው ወይስ በተቀጠቀጠ ብረት? በብሎን ከሆነ ሲላላ ታጠብቁታላችሁ፤ ሲደነዝዝ ፈታችሁ ትስሉታላችሁ። ተቀጥቅጦ የተዘጋ ከሆነ የላላ ቀን ዕድሜው አበቃ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ። ሊፈታ የማይችል መቀስ ገዝታችሁት ሳይሆን ተከራይታችሁት ነው የምትሄዱት።

ሁለተኛ፣ መቀሱን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። በስለቱና በታችኛው አፍ መካከል ሰፊ ክፍተት ከታየ ተዉት። ከዚያ ሁለቱን አፎች በጎን በጎን ነቅነቅ አድርጉ። የሚወዛወዝ ከሆነ ቅርንጫፍ መካከል ገብቶ ይቀረቀራል፤ ልጣጩንም ይልጣል።

ሦስተኛ፣ ፈትኑት። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ በኪሳችሁ ይዛችሁ የመጣችሁትን የእርሳስ ውፍረት ያለው እርጥብ ቅርንጫፍ ቁረጡበት። የተቆረጠው ፊት ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ተበጠሰ ገመድ ክሩ ተንጠልጥሏል? ቅርንጫፍ ከሌለ ወረቀትም ይበቃል። ከመሠረቱ እስከ ጫፉ ሳያኝክ መቁረጥ አለበት። ብዙ ርካሽ መቀስ መካከሉ ላይ ቆርጦ ጫፉ ላይ ያኝካል። ጽጌረዳ ላይ ግን ብዙውን ሥራ የሚሠራው ጫፉ ነው።

አራተኛ፣ ሞላውን እዩ። መቀሱን መልሶ የሚከፍተው እሱ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ቦታቸው ላይ ጠበቅ ብለው ካልተቀመጡ ያ የናንተው ሣር ውስጥ የገባው ታሪክ ይደገማል። "መለዋወጫ ሞላ አለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቢኖረው እሰየው። ባይኖረውም መልሱ ስለ ዕቃው ብዙ ይነግራችኋል።

አምስተኛ፣ መቆለፊያውን ሞክሩ። በያዛችሁበት እጅ አውራ ጣት የሚከፈትና የሚዘጋ መሆን አለበት። ሥራ ላይ እያለ በራሱ የሚዘጋ መቆለፊያ በቀን መቶ ጊዜ ያናድዳል። ጨርሶ የማይቆልፍ ደግሞ ኪስ ውስጥ ሥጋ ይበላል።

ስለ ስሙ ካነሳን፣ በዓለም ላይ አትክልተኞች ዘወትር የሚጠሩት ፌልኮ የተባለውን የስዊዘርላንድ መቀስ ነው። ድርጅቱን በ1945 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ፌሊክስ ፍሊሽ የተባለ ሰው ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 2 የሚባለው ሞዴል እስከ ዛሬም ይሸጣል። ክብደቱ ሩብ ኪሎ ግድም ነው፤ የሚቆርጠውም እስከ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። ያን ያህል ዘመን ያስከበረው አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ስለቱም፣ ሞላውም፣ ብሎኑም፣ እጀታውም እየተፈታ ይቀየራል። "ታዲያ እኛ ያንን ከየት አምጥተን?" ትሉኝ ይሆናል። ያንኑ ግዙ አላልኩም። ሐሳቡን ግዙ ነው የምለው፤ የሚፈታና የሚጠገን። ደግሞም ቀይ እጀታ ስላያችሁ ብቻ "ስዊዝ ነው" ብላችሁ እንዳትታለሉ። ቀለም ማንም ይቀባል።

ደብረ ማርቆስ ካጣችሁ፣ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ያለችው አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ አይጠፋም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚዞር ሰው ካላችሁ አሮጌ ነገር ግን ደህና ብረት ሊያገኝ ይችላል። ዝገት ብዙ አያስፈራም፤ ይለቃል። የተሰነጠቀ ወይም የተሸረፈ ስለት ግን አይወሰድ። የሚገዛላችሁ ዘመድም ዓይነቱን እንዳይስት ሥዕል አድርጋችሁ ላኩለት። "መቀስ ግዛልን" ብቻ ካላችሁት የፀጉር ቤት መቀስ ይዞ ቢመጣ አትፍረዱበት!

የእጅህን ልክ እወቅ

ጫማ በቁጥር ይገዛል። መቀስ ግን ሰው ዝም ብሎ ያነሳል። መቀሱን ሙሉ በሙሉ ክፈተውና ጨብጠው። ጣቶችህ የታችኛውን እጀታ ለመድረስ ከተንጠራሩ ትልቅ ነው። ቀን ሙሉ በተንጠራራ እጅ ስትቆርጥ ማታ አንጓህ ያብጣል፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ብርጭቆ ማንሳት ያስቸግርሃል። እጃቸው ትንሽ ለሆነ ሰዎች አጠር ያለ መቀስ ይሠራል። እጃቸው ለደከመ ደግሞ በአንዴ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ እየተጨበጠ የሚቆርጥ አለ፤ "ራቼት" የሚሉት ነው። እናትህ ጌሾዋን በራሷ መቁረጥ የምትወድ ከሆነ ያንተን ትልቁን መቀስ አትስጣት። አንድ ቀን ለእሷ ልክ የሆነ ትንሽ ትገዛላታለህ።

ከሦስታችሁ ግራኝ አለ? ካለ ይህንንም አስቡ። ተራው መቀስ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ግራኝ ሲይዘው የሚቆርጥበት መስመር አይታየውም፤ መቆለፊያውም ለአውራ ጣቱ አይመቸውም። ለግራ እጅ ተብሎ የሚሠራ አለ፤ ግን እምብዛም አይገኝም። እስኪገኝ ግራኙ መጋዙን ይያዝ፤ መጋዝ ግራና ቀኝ አይመርጥም።

ከአውራ ጣት በላይ አትጨብጥ

ብዙ መቀስ የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን በጉልበት ነው። ሰው ወፍራም ቅርንጫፍ ያገኝና ነክሶ፣ አጣሞ፣ ጠምዝዞ ሊገነጥለው ይታገላል። ያን ጊዜ መጋጠሚያው ይላላል፤ ስለቱም ይጣመማል። የናንተው ሁለተኛ መቀስ በዚህ የሞተ ይመስለኛል። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ "አያያዝ አታውቁም" ያለው ጨርሶ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል አይደል የሚባለው?

ልኩ ቀላል ነው። ከአውራ ጣትህ የቀጠነ በእጅ መቀስ ይቆረጣል። ከዚያ ወፈር ያለ በሁለት እጅ የሚያዘው ባለ ረጅም እጀታ መቀስ አለለት። ከዚያም በላይ የሆነ የትንሽ መጋዝ ሥራ ነው። ገጀራ ግን ከዚህ ሥራ ይውጣ! ገጀራ ባህር ዛፍ ላይ ይሠራ ይሆናል። ኮክ ላይ ግን ቅርንጫፉ በራሱ ክብደት ወድቆ የግንዱን ልጣጭ እስከ ታች ገሽልጦት ይሄዳል። ከባድ ቅርንጫፍ በመጋዝም ቢሆን መጀመሪያ ከሥሩ ትንሽ ይሞረሞራል፤ ከዚያ ከላይ ይቆረጣል፤ በመጨረሻ የቀረው ጉቶ ይስተካከላል።

የጽድ አጥር ደግሞ የእጅ መቀስ ሥራ አይደለም። በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ የአጥር መከርከሚያ መቀስ ይፈልጋል። እሱም ቢኖር ልብ በሉ፤ ጽድ አረንጓዴው አልቆ ቡናማው እስኪታይ ከተቆረጠ ከዚያ አሮጌ እንጨት መልሶ አያቆጠቁጥም። የተላጨ ጽድ እንደተላጨ ይቀራል። እንደ ባህር ዛፍ መስሏችሁ እንዳትገቡበት።

የት፣ እንዴት፣ መቼ?

ደህና መቀስ ይዞ በጭፍን የሚቆርጥም አለ። ቅርንጫፉን አስተውላችሁ ብታዩት ቅጠል ከሚነሳበት ሥር ትንሽ እብጠት አለች። አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከእሷ ነው፤ ዓይን እንበላት። ከዓይኗ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ውኃ እንዳይቆምበት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ወደ ውጭ የምታየውን ዓይን ምረጡ፤ የተክሉ መሐል ክፍት ሆኖ አየር ያገኛል። መቀሱን ስትይዙ ስለቱ ተክሉ ላይ በሚቀረው ወገን፣ ቆልመም ያለው አፍ ደግሞ በሚጣለው ወገን ይሁን። ገልብጣችሁ ከያዛችሁት የሚቀረውን ጫፍ ትጫኑታላችሁ። ጥሩው መቀስም እንደ መጥፎው ይሆናል።

ቅርንጫፍ ከነአካቴው ሲነሳ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨት ያምር ይመስላል፤ ግን ጉዳት ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሳበት ቦታ እንደ አንገትጌ የተጠቀለለ እብጠት አለ። ቁስሉን የሚያጥረው እሱ ነው፤ ስለዚህ አትንኩት፤ ከእሱ ወዲያ ቁረጡ። ቁስሉን ጭቃ፣ እበት፣ ቀለም መቀባትም ይቅር። ሺጎ ይህንንም መርምረዋል፤ ቅቡ መበስበስን አያስቆምም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዝናብ እየዘነበ አትግረዙ። በሽታ የሚጋባው በእርጥበት ነው። ውርጭ በሚመታው ሜዳ ላይ ያለ ጓሮ ደግሞ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ውርጭ አስቀድሞ ከተገረዘ ለጋው ቡቃያ ይቃጠላል። ብርዱ እስኪያልፍ መጠበቅ ይሻላል። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሁሉንም አዲስ ቅርንጫፍ ያነሳ ሰው የዓመቱን ፍሬ አብሮ አነሳ ማለት ነው። በአንድ ጊዜም ከተክሉ ሲሦ በላይ አይወሰድም።

አሁን ወደተበላሹት ጽጌረዳዎች እንመለስ። አልሞቱም! የጠቆረውን ጫፍ ተከትላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ስትቆርጡት ውስጡ ቡናማ ከሆነ ገና ናችሁ። ንጹሕ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሲመጣ፣ እዚያ ያለችውን ዓይን ፈልጋችሁ ከእሷ በላይ በአዲሱ መቀስ ቁረጡ። ጽጌረዳ ከተገረዘ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ እንደገና ያብባል፤ በደጋ ብርድ ጥቂት ሊዘገይ ይችላል። የጌሾውም መፍትሔ ይኸው ነው። የደረቀው ተነስቶ ሥሩ ደህና ከሆነ ያቆጠቁጣል።

ማታ ማታ አምስት ደቂቃ

ጥሩ መቀስ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ የሚይዘው ጥቂት ነው። ማታ የተጣበቀውን የተክል ሙጫ በጨርቅ ጥረጉ፤ ካስቸገረ ጨርቁን አልኮል አስነኩት። ከዚያ መጋጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርጉ። ጠል ውስጥ ያደረ መቀስ ጠዋት ዝገት ነው።

ሲደነዝዝ በመሳያ ድንጋይ ይሳላል። ግን እንደ ቢላዋ ሁለቱንም ፊት እንዳትስሉ! የመግረዣ መቀስ ስለት አንዱ ፊት ብቻ ነው ሰያፍ የሆነው። ያንን ብቻ፣ የነበረበትን ማዕዘን ሳትለቁ ሳሉ። በስተጀርባ ያለው ጠፍጣፋ ፊት ላይ የቀረውን ሻካራ ጭረት ድንጋዩን አስተኝታችሁ አንዴ ብቻ ጠረግ ማድረግ ነው። ጠፍጣፋውን ከሞረዳችሁት በሁለቱ አፎች መካከል ክፍተት ይፈጠርና መቀሱ ማኘክ ይጀምራል።

ሌላው ንጽሕና ነው። ጽጌረዳ ላይ ከሥሩ አካባቢ እንደ እጢ የሚያብጥ በሽታ አለ። ባክቴሪያ ነው፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የሚጋባው በስለት ነው። የታመመ ተክል ከነካችሁ ወደሚቀጥለው ከመሄዳችሁ በፊት ስለቱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። አልኮል ከሌለ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ይሆናል፤ ግን በረኪና ብረት ስለሚበላ ወዲያው አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀቡት። ከግቢ ወደ ግቢ የምትዞሩ ከሆነማ ይህ ግዴታችሁ ነው። የአንዱን ደንበኛ በሽታ ለሌላው ደንበኛ ማድረስ ከደነዘ መቀስ የባሰ ስም ያጠፋል።

ሦስት ሰው በአንድ መቀስ?

ገንዘብ ያዡ "ሁለታችን ቆመን ልናይ ነው ወይ?" ይል ይሆናል። ማንም አይቆምም። አንዱ በመቀሱ እርጥቡን ይቆርጣል። አንዱ በዚያ በተረፈው መቀስ ደረቁን ያነሳል። አንዱ የተቆረጠውን ይሰበስባል፣ ስለት ይጠርጋል፣ መሬቱን ይጠርጋል። በየግማሽ ሰዓቱ ተለዋወጡ። እጅ ያርፋል፤ ማንም "እኔ ብቻ ደከምኩ" አይልም፤ ሦስታችሁም ሙያውን ትለምዱታላችሁ።

ከዚያ ደግሞ የመቀስ ዕቁብ ጣሉ። አዎ፣ ዕቁብ! ከእያንዳንዱ ሥራ ክፍያ ለእጃችሁ ከመካፈላችሁ በፊት አንድ ድርሻ ለመሣሪያ ይቀመጥ። መጀመሪያ አንድ ደህና መቀስ፤ ቀጥሎ አንድ ትንሽ መጋዝ፤ ከዚያ ሁለተኛ መቀስ፤ በመጨረሻ የአጥር መከርከሚያው። እስከዚያ ድረስ የጽድ አጥር ሥራ ከመጣ ተከራዩ ወይም "አልቻልንም" በሉ። ያልቻሉትን አልቻልንም ማለት አያሳፍርም። ገበያ ስትወጡም ሦስታችሁም አብራችሁ ውጡ።

ሥራው አለ፤ እሱ አያሳስባችሁ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ያልተከለ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ሲሄድ ሣርና አበባ ይዞ ነው የሄደው። አገራችን በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ ናት። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በባቱ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ቀን ሙሉ መቀስ ጨብጠው ይውላሉ። የሚተክል እጅ ሞልቷል። የጎደለው የተተከለውን አውቆ የሚገርዝ እጅ ነው። ያንን ክፍት ቦታ ሦስት የቁይ ልጆች ቢሞሉት ማን ይጠላል?

በመጨረሻ፣ አዲሱን መቀስ እንደያዛችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት አዲስ ደንበኛ ፍለጋ አይደለም። መጀመሪያ እናትህ ጓሮ ግቡ፤ ጌሾውን አስተካክሉ፤ ይቅርታ ጠይቁ። ቀጥሎ ደብረ ማርቆስ ሂዱና ለግቢው ባለቤት "ያበላሸነውን በነፃ ልናስተካክል ነው የመጣነው፤ የቀረውን ክፍያም አንጠይቅም" በሏቸው። ምናልባት ከበር ይመልሷችሁ ይሆናል። ካስገቧችሁ ግን ያቺ ከሃያ የጽጌረዳ እግር የምትወጣው አበባ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ትናገርላችኋለች። ባለቤቱ ያላከበረውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል። ሙያችሁን ቀድማችሁ የምታከብሩት እናንተው ናችሁ።

ብሩን ተካፍሎ መለያየት ቀላል ነው። ሲካፈል ግን አንድም ደህና መቀስ የማይገዛ ብር ነው።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተም አንባቢያን በየጓሯችሁ ያለውን መቀስ አውጥታችሁ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ ያገናኘን። ሰላም ሁኑ!